ዲግሪና ጭቃ

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ስለዚህ በዛሬው እሑድ የማቀርበው ጽሑፍ ምክር ነው ከማለት ይልቅ ኑዛዜ ነው ቢባል ይሻላል። ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ቤት ጓሮ ነው፤ የሚያደርሰው ግን ራቅ ካለ ቦታ ነውና አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ወሬአችን ስለ ፒዛ ሆነ። አንዱ ጓደኛችን ምግብ ቤት ገብቶ ፒዛ ለመብላት የደመወዝ ቀን መጠበቅ ግድ እንደ ሆነበት ሲያማርር፣ እኔ «ምን ችግር አለ? ምድጃውን በጓሯችን ራሴ እሠራዋለሁ» ብዬ ፎከርሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ የፒዛ ምድጃ አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የተደፋ ገበቴ የመሰለ ጉልላት ነው። እንጨቱ እዚያው በውስጡ ይነዳል፤ ወለሉና ጉልላቱ ሙቀቱን ይጠጡታል፤ ከዚያም ወለሉ ከታች፣ ጉልላቱ ከላይ ሆነው ሊጡን በአንድነት ያበስሉታል። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ሊጡን በኮባ ጠቅልለው ከምጣዱ ሥርም፣ በላዩ ከደፉት ክዳን ላይም እሳት የሚያደርጉት በዚሁ ጥበብ ነው። መከራ የበዛበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ፉርኖ የምንለውም ቃል በኢጣልያንኛ ትርጉሙ ምድጃ ነው፤ እኛ ግን ምድጃውን ትተን ስሙን ለዳቦውና ለዱቄቱ ሰጠነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ እንዲህ ያሉ የዳቦ ምድጃዎች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊቆም የቻለ ነገር ለእኔ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆምልኝም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

መጻሕፍት አገላብጬ ሥራውን ጀመርሁ። እርጥብ አሸዋ በጉልላት ቅርጽ ከመርሁ፤ ጭቃው ከአሸዋው ጋር እንዳይጣበቅ በረጠበ አሮጌ ጋዜጣ ሸፈንሁት፤ በዚያ ጋዜጣ ውስጥ የራሴም ጽሑፍ ነበረበት። በላዩም አራት ጣት ውፍረት ያለው የሸክላ አፈር ለጠፍሁበት። የበሩ ቁመት ከጉልላቱ የውስጥ ቁመት ከመቶ 63 እጅ ያህል መሆን እንዳለበት አንብቤ ነበርና በሴንቲ ሜትር ለካሁ፤ በሩ ከዚህ በጣም ካነሰ እሳቱ ይታፈናል፣ በጣም ከበለጠ ደግሞ ሙቀቱ ያመልጣል። ልኩ ትክክል ነበረ። በአራተኛው ቀን አሸዋውን ከውስጡ አውጥቼ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ሞልቼ አነደድሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልላቱ እንደ ጥይት ጮኸና ከአናቱ እስከ በሩ ተሰነጠቀ። ታናሽ ወንድሜ «ዲግሪ ይዞ ጭቃ ማቡካት መጨረሻው ይኸው ነው» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ጀበናዬን የሠሩልኝ የቀጨኔዋ እናት አሉ አይደለም ወይ? እሳቸውን ብትጠይቅ ምን ይጎድልብሃል?» አለችኝ። ቀጨኔ በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሰፈር መሆኑን የማያውቅ የለም። ምክሯ መልካም ነበረ፤ ሆኖም ከመጽሐፍ ያልገባኝን ነገር ከገበያ ሴት መጠየቅ ለሦስት ቀን ያህል አሳፈረኝ። በአራተኛው ቀን ጭቃዬን በፌስታል ቋጥሬ ሄድሁ።

እማማ ጭቃውን በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ አፈር እሳት አይቶ አያውቅም። እሳት ካየ ጋር ካልደባለቅኸው ደንግጦ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ቀጥለውም የተሰበረ ድስት ገል ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከጭቃው ጋር አሹት። ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲደርቅ፣ ከዚያም ለብዙ ቀን በጭራሮ ብቻ እያሞቅሁ ውሃውን እንዳስወጣ ነገሩኝ። ነገሩን ቤት ገብቼ ሳሰላስለው የተማርሁት ሳይንስ የሚለውም ይህንኑ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ገል ግን ዳግመኛ ስለማይሸበሸብ ጭቃውን ደግፎ ይይዘዋል። በጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃም ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ መውጫ ካላገኘ ያገኘውን ይሰብራል። እኔ ይህን ሕግ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው ያውቁታል። ምድጃው የፈለገው ግን የእሳቸውን ነበረ።

ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ነው። እማማ ቡና አፍልተው ሲኒውን ሲያቀብሉኝ እጄ ለአንድ አፍታ ዘገየ። በልጅነቴ ስለ ሸክላ ሠሪ ዓይን የሰማሁት ተረት፣ ዲግሪዬን አልፎ፣ መጻሕፍቴን አልፎ መጥቶ እጄን ያዘኝ። እሳቸውም አዩ። ምንም አልተናገሩም፤ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው «በርዶልህ ትጠጣዋለህ» አሉ። ጠጣሁት፤ ነገር ግን ዘግይቼ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን የሚሰድብ ሰው አገሩን እንደሚጎዳ ከገባን እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። እኔ ስለዚህ አዋጅ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለፍሁትን ፈተና ረከቦቱ ፊት ወደቅሁት።

በኔፕልስ ከተማ ፒዛ ቀድሞ የድኆች ምግብ ነበረ። ዛሬ ግን የከተማይቱ ፒዛ ጋጋሪዎች የእጅ ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሊጡ ያው ሊጥ ነው፤ እሳቱም ያው እሳት ነው። የተለወጠው የሰው ዓይን ነው።

አንድ ወጣት ሹም የሆነ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ሥራ የተከፋፈለው በምክንያት ነው፤ አገር ያስተማረችህ ጭቃ እንድታቦካ አይደለም» አለኝ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሁላችንም ምድጃ እንሥራ ብል ከቢሮው ሥራም ከጭቃውም ሳንሆን እንቀራለን። ነገር ግን ሥራን መከፋፈል ሌላ፣ ክብርን መንፈግ ሌላ ነው። የእጅ ባለሙያውን ሳያከብር ስለ እጅ ሙያ መመሪያ የሚያረቅቅ ሹም፣ እንደ እኔ የበሩን ቁመት በትክክል ለክቶ ጉልላቱን የሚሰነጥቅ ነው።

የሆነ ሆኖ ምድጃው ተሠራ። የውጭውን ድርብርብ ሙቀት እንዲይዝ ከጤፍ ጭድ ጋር ባቦካሁት ጭቃ ለበጥሁት። ሳይደርቅ አላነደድሁም፤ ጭራሮውንም አላበዛሁም። በእሳቱ ቀን እንጨቱ ሁለት ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ ወለሉን ጠርገን የመጀመሪያውን ፒዛ ብናስገባ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። እንጨት ውድ ነውና ሙቀቱ በከንቱ አልቀረም፤ ጋብ ሲል እናቴ ድፎ ዳቦዋን ጋገረችበት፤ ሲመሽ ደግሞ የምስር ድስት አስገብታ አሳደረችበት።

እማማንም ጠርተናቸው ነበር። እንደ ጀበና ጉልላቱን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው፣ ጆሮአቸውን አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ «ይበጃል» አሉ። ከተመረቅሁበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ነገ ስለ እነዚህ ሰዎች ጥናት የምንጽፈው፣ ደብዳቤ የምንፈርመው እኛ ነን። ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ቤታቸው ገብተን እንቀመጥ፤ የሚያውቁትን እንጠይቅ፤ ያቀረቡልንንም ቡና እንጠጣ። እሱንም ሳይበርድ።