ሹመት ርስት አይደለም

ለሕዝብ ሥራ እታጫለሁ የሚል ሰው ከአገራችን ሰው ፊት በቆመ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። በአዴት ገበያም፣ በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም ያው ነው። የሚያሳዝነው ግን፣ ተማርን በምንለው በእኛም ዘንድ ይኸው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ መገኘቱ ነው። የማኅበራችን ምርጫ በቀረበ ቁጥር የእጩው ዐሳብ ምን እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት የየት አውራጃ ሰው እንደ ሆነና ከጀርባው እነማን እንዳሉ ይቆጠራል። ዛሬ ለማኅበር ጸሐፊ የምንጠቀምበት ሚዛን ነገ ለአገር መሪ የምንጠቀምበት ስለ ሆነ፣ በዚህ እትም ነገሩን አንሥተን ልንነጋገርበት ወደድን።

ጥያቄው ሲጀመር ከንቱ አልነበረም። በጎጃም የርስት ሥርዐት አንድ ሰው መሬት የሚካፈለው ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባትም በእናትም በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ነበር። ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ ከሽማግሌ ፊት ይረታል፤ ልጆቹም መሬት ያጣሉ። ስለዚህ አባቶቻችን አጥንት መቁጠራቸው ሕግ ማወቃቸው ነበር እንጂ የኋላ ቀርነት ምልክት አልነበረም። እነሱው ግን እኛ የረሳነውን አንድ ልዩነት ያውቁ ነበር። ርስት ሌላ፣ ጉልት ሌላ። ርስት በደም ይወርዳል። ጉልት ግን ሹም ስለ አገልግሎቱ የሚበላው፣ ሲሻር ደግሞ የሚለቀው ነበር። (ርስተ ጉልት የሚባለው ሁለቱን ያደባለቀ ነገር በባላገሩ ላይ ስንት መዘዝ እንዳመጣ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።) የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የርስትን ክርክር ከነሥሩ ነቀለው። አጥንት መቁጠሩ ግን ሥራ ፈትቶ አልቀረም፤ ከመሬት ወደ ሹመት ተሻገረ። ዛሬ ሰው የሚከራከረው ወንበርን እንደ ርስት ለመካፈል ነው።

የፖለቲካ ሰው ትውልድ፣ እምነትና ምግባር እንዴት ሊመዘን እንደሚገባ ለማየት ከአገራችን ሰዎች አንዱን እናንሣ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በደራሲነታቸው ነው። እሳቸው ግን ከዕድሜያቸው ብዙውን ያሳለፉት በመንግሥት ሥራ ነው፤ ዲፕሎማት፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም በሚባል ቦታ ከካህን አባት ተወለዱ። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። አንድ አስተያየት እንጨምር፤ የዳሞት ወይም የአዴት ሰው አጥንት ይቁጠር ቢባል ሐዲስን «የእኛ» ለማለት አይችልም። የእንዶዳም ሰው ናቸው። ታዲያ የታላቁን መጽሐፋቸውን ታሪክ የጀመሩት የት ነው? በእኛው ማንኩሳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከድኻው ከቦጋለ መብራቱ ጎጆ ነው። ሰው የሚወግንለትን ሕዝብ ከተወለደበት ቀበሌ ውጭ ሊመርጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ትውልዳቸውን ትተን ሥራቸውን እንይ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ከጎጃሙ ገዥ ከልዑል ራስ ዕምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ብዙዎች ሲገቡ እሳቸው አልገቡም፤ ከራስ ዕምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄዱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ሰባት የሚጠጉ ዓመታት የእስር ዓመታት ናቸው፤ ነፃ ያወጣቸው በ1935 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ የገባው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ነው። ያ የወጣትነት ዕድሜ፣ ሌላው ሰው ቤት የሚሠራበትና ሹመት የሚለምንበት ዘመን፣ በባዕድ ደሴት አለቀ። ይህን የምንጽፈው ለውዳሴ አይደለም። የአንድ ሰው እምነት በአፉ ከተናገረው ይልቅ በከፈለበት ዋጋ እንደሚታወቅ ለማሳየት ነው።

ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ፣ በተባበሩት መንግሥታት፣ በለንደን፣ በትምህርት ሚኒስቴርም አገለገሉ። እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻችን የሚያነሡት ክስ አለ፤ ከባድም ክስ ነው። «የንጉሡን ደመወዝ እየበሉ፣ የንጉሡን ካባ ለብሰው፣ ስለ ባላገር መጻፍ ምን ይረባል?» ይላሉ። እኛም ክሱን አቃለን ለማለፍ አንፈልግም። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ በወጡ ጊዜ ሐዲስ ከመንግሥቱ ታላላቅ ባለ ሥልጣኖች አንዱ ነበሩ። አልለቀቁም፤ አላመፁምም።

ያደረጉት ግን ይህ ነው። ሰልፉ በተደረገ በዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በስማቸው አሳተሙ። መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ባላገሮች አላግባብ የተጣለባቸውን ግብር እምቢ ሲሉ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሊቀጧቸው ሲዘምቱ፣ ራሳቸው ፊታውራሪው በባላገሮቹ እጅ ሲማረኩ እንመለከታለን። እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረውም ከዚያው ከመኳንንቱ ወገን የሆነው ካሣ ዳምጤ ነው፤ እብድ ነው ብለው «ጉዱ ካሣ» ብለው ሰየሙት። ይህን የጻፈው ሰው ሚኒስትር እንጂ ከደጅ የቆመ ሰው አልነበረም። ያየውን የጻፈው ከእልፍኙ ውስጥ ሆኖ ነው። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ጎጃምን አስነሣ። ባላገሩ «ዛሬ ይለካል፣ ነገ ርስቴ ይወሰዳል» ብሎ ፈራ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞት እምቢ አለ። መንግሥት ጦርና አይሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻው ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፣ ለባላገሩም ውዝፍ ግብር ተማረለት። ልብ ወለድ የተባለው ነገር በማንኩሳ አገር በእውን ሆነ። መጽሐፉ ሕዝቡን አስነሣው ማለታችን አይደለም፤ የዳሞት ባላገር ለማመፅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች መካከል የሚመጣውን ያየና የጻፈ አንድ ሰው እንደ ነበረ ማለታችን ነው።

ሌላውን መንገድ የሄደውንም ሰው ማንሣት ይገባል። ግርማሜ ንዋይ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ወገን የተወለደ፣ አሜሪካ አገር በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ነበር። አጥንቱ ቢቆጠር ኖሮ ከባለ ርስቶቹ ጎን መቆም ነበረበት። ወላይታ ላይ ገዥ ሆኖ ሲሾም ግን መሬት ለሌላቸው መሬት ሰጠ፤ ባለ መሬቶቹ ጮኹ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መንግሥት ሊገለብጥ ተነሣ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ብለው ያወጇቸው እኚያው የሐዲስ የጦር አለቃ ራስ ዕምሩ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስተውል። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱት ባለ ሥልጣኖች ተገደሉ፤ ግርማሜም ሞተ። ያ ግቢ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

ከሁለቱ የትኛው ልክ ነበር? በዚህ አዘጋጅ አስተያየት፣ የግርማሜ ድፍረት ከሐዲስ ትዕግሥት ይልቅ የወጣት ልብ ይስባል፤ የገነተ ልዑልን ደም ግን ማንም ደጋፊ ሊያጥበው አይችልም። የሐዲስም ትዕግሥት ዋጋ አለው፤ በሚኒስትርነት በቆዩበት ዘመን ግን ባላገሩ መሬት አላገኘም። በዚህ ላይ ተማሪዎች ቢከራከሩ ጥሩ ነው። ሊከራከሩበት የማይገባው አንድ ነገር ግን አለ፤ የካህኑ ልጅና የመኳንንቱ ልጅ አንድ ጥያቄ ላይ መድረሳቸው ነው። ትውልድ ለሁለቱም መልስ አልሰጣቸውም።

የሐዲስን ሚዛን የሚያከብደው ደግሞ የኋላው ዘመናቸው ነው። በ1966 ዓ.ም. ሁሉም ሰው አሸናፊው ማን እንደሚሆን ሲጠባበቅ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ዐሳባቸውን በአደባባይ አስቀመጡ። ከዚያም ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢያቀርብላቸው አልተቀበሉም ይባላል። ሹመት ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ሰው በአገራችን ስንት አለ? ወደ ብዕራቸው ተመለሱ፤ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ «የልም ዣት»ን፣ ኋላም «ትዝታ»ን ጻፉ። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ወደ ዛሬ እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አቤት ለማለት እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ነበር። የአዴትን መሬት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ በሰኔ ያልደረሰ ማዳበሪያ በመስከረም ቢመጣ ለጤፉ አይጠቅመውም። በዚያው ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስንት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። እንግዲህ ነገ «የእናንተ ልጅ ነኝ» ብሎ የሚመጣውን ሰው የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በዚያ ሰኔ የት ነበርህ? ገበሬው ሲጮኽ በስምህ የጻፍኸው፣ በስብሰባ የተናገርኸው፣ ከአለቃህ ጋር የተጣላህበት ነገር አለ? ሹመት ቀርቦልህ የተውህበት ቀን አለ? «የአገር ልጅ» መሆኑ ለእነዚህ መልስ አይሆንም፤ በሰኔው ወራት ዝም ያሉትም የአገር ልጆች ናቸው።

ይህን ስንል ትውልድ ጨርሶ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም። ሰው ያደገበትን ማወቅ ይጠቅማል፤ የቅኔ ቤት ተማሪ ለምኖ እየበላ መማሩን ያየ ሰው ስለ ድኽነት ሲጽፍ ቃሉ ይለያል። የምንቃወመው ጥያቄው እዚያ ላይ ማለቁን ነው።

ለዘንድሮው የማኅበር ምርጫ የቀረቡት እጩዎች ከላይ ለተጻፉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ቢሰጡ ይህ ጋዜጣ ሳይቆርጥና ሳይቀጥል ያወጣላቸዋል። ስም የሌለው ጽሑፍ አንቀበልም። እስቴንስሉ የሚተየበው ሐሙስ ማታ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ይድረሰን፤ ወረቀት አጥሮናልና ከሁለት ገጽ አይለፍ።