የኪራይ ውል ሲያበቃ የተከራዩ መብትና ዕድል

ሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ መጠለያ የሚያስፈልገው መሆኑ የታወቀ ነው። የከተማው ወጣት፣ ተማሪም ይሁን አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ይህን መጠለያ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በኪራይ ስለ ሆነ «ውልህ አብቅቷልና ቤቱን ልቀቅ» ሲባል የሚደርስበት ጭንቀት ቀላል አይደለም። ጭንቀቱን የሚያብሰው ግን የቤት መጥፋት ብቻ ሳይሆን መብትንና የመብትን ወሰን አለማወቅ ጭምር ነው።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚመለከቱ ሁለት ዋና ሕጎች አሉ። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ የቤት ኪራይ ውል ጊዜው ሲደርስ በራሱ ያበቃል። ሆኖም አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም ተከራዩ በቤቱ ቢቀጥል ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ታደሰ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ውል በማስጠንቀቂያ ሊፈርስ ስለሚችል በአከራዩ ዝምታ ተማምኖ መቀመጥ ጽኑ መጠጊያ አይሆንም።

ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚደረግ መሆኑ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ አዋጁ ለተከራዩ ያስገኘለት ጊዜን እንጂ የዘለዓለም መቀመጫን እንዳልሆነ ሊዘነጋ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተፈረመ የሁለት ዓመት ውል በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ይሞላል። በአንድ ወቅት የተዋዋሉ ብዙ ተከራዮች በአንድ ወቅት ቤት ፈላጊ ቢሆኑ ተጠቃሚው ደላላ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል አከራይን ሁሉ ስግብግብ ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። በግቢው ያለውን ሰርቪስ አከራይቶ ጡረታውን የሚደጉም ሽማግሌ አለ፤ ልጁን ድሮ ቤቱን የሚያስፈልገውም አለ። የውሉ ዘመን ካበቃ በኋላ ያለ ፈቃድ ልቆይ የሚል ተከራይም ኪሣራ ሊደርስበት ይችላል። ይህም ሆኖ አከራዩ ቁልፍ ለውጦ ዕቃ ወደ ደጅ ሊጥል አይገባውም፤ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ፍርድ ቤት ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ተከራይ ምን ያድርግ? ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ለይቶ ይወቅ። ቢያንስ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ አከራዩን በአክብሮት ይጠይቅ። ከተስማሙ አዲሱን ውል በጽሑፍ አድርገው ያስመዝግቡት። ካልተስማሙም በቀረው ጊዜ ሌላ ቤት ይፈልግ። ኪራዩን በባንክ ከፍሎ ደረሰኙን ያስቀምጥ፤ ሲለቅም የውኃና የመብራት ሂሳቡን ዘግቶ ቤቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ወረቀት ይቀበል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

መንግሥት በቤት ኪራይ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ኪራይን ቀንሶ ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት አስቀምጧል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ የሚጠለልበት ቤት በበቂ አልተሠራም። ከዚህ የምንረዳው ሕግ የመቀመጫን ጊዜ ሊያረዝም ቢችልም ቤት ሊሠራ አለመቻሉን ነው።

ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የከተማን ጉዳይ የሚይዙት ወጣቶች ዛሬ እንደ ተከራይ መብታቸውን ይወቁ፤ ሥልጣን በእጃቸው ሲገባ ደግሞ ቤት የሚሠራበትን መንገድ ያስቡ እንላለን።