ዳገት ላይ የምትከዳው ፒክአፕ

የፍቅር ደብዳቤ የምትጠብቁ አንባቢዎች ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ። የዚህ ሳምንት ከዳተኛ ባለ አራት ጎማ ናት።

ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሳል። የሚነዳት ባለ 3.0 ናፍጣ ሃይሉክስ የተገዛችው እህቱ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። እሱስ ምን አደረገ? ጓደኞቹ «ይቺን መኪና እናብርርልህ» አሉት። ከዱባይ በሻንጣ የመጣች «ቺፕ» የሚሏትን ትንሽ ሳጥን አስገጠመ፣ የተርቦውን ግፊት አስጨመረ፣ ማርሚታውን አስከፈተ፣ ጥቁሮቹን የአየር ቱቦዎች አስጥሎ የሚያብረቀርቁ ሰማያዊ ቱቦዎች አስገባ። ሁለት ወር ሙሉ ሰፈሩን በፉጨት አስጨነቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን በራሱ አፍ ይንገራችሁ፦

«ጭነት ይዤ ዳገት ስጀምር ጥቁር ጭስ ይንቦለቦልና ድንገት ጉልበቷ ጥፍት ይላል። የሞተር መብራት ይበራል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች፣ ግን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው ሳምንት በአሮጌው መንገድ ሲኖ ልቀድም ወጥቼ መሐል ላይ ከዳችኝ። ከፊት ለፊቴ አውቶቡስ እየመጣ ነበር። እንዴት እንደተረፍኩ እኔም አላውቅ። ጋራዥ ብወስዳት ኮፋኖ ከፍተው ሳይጨርሱ ‹ተርቦው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ› አሉኝ። የጠየቁኝ ገንዘብ የእህቴ የስድስት ወር ደመወዝ ነው። ነግሬያት ትላክልኝ ወይስ ደብቄያት ልበደር?»

ወንድሜ፣ ገንዘቡ ይቆየን። ይህ ነገር እስኪለይለት ድረስ ዳገት ላይ ማንንም አትቅደም። ከሲኖው ኋላ እያዛጋህ ሂድ። ሽንኩርቱ ቢዘገይ ይሸጣል።

አሁን ወደ መኪናዋ። ከደብዳቤህ ሁሉ ትልቁ ቃል «አጥፍቼ ሳስነሳት ትሄዳለች» የምትለው ናት። የሞተ ተርቦ ቁልፍ በማዞር አይነሳም! የመኪናዋ ኮምፒዩተር ተርቦው የሚያመጣውን የአየር ግፊት በሴንሰር እየለካ እሱ ከፈለገው ጋር ያስተያያል። በጣም ካነሰ ወይም በጣም ከበዛ ሞተሩን ለማትረፍ ጉልበቱን ራሱ ይቆርጣል። አጥፍተህ ስታስነሳው ደግሞ እንደገና ይሞክራል። ስለዚህ አንተ ያየኸው ክህደት የዘበኛ ሥራ ነው። ዘበኛው ምን አይቶ እንደጮኸ ሳይጠየቅ ተርቦ መግዛት ምን የሚሉት ነው?

መጠየቂያው ቀላል ነው። መብራቱ ሲበራ ኮምፒዩተሩ ቁጥር ይመዘግባል። ማንበቢያው ያለው ኤሌትሪሽያን ዘንድ ሂድና ቁጥሩን በወረቀት ጻፍልኝ በለው፣ ሳይጽፍ እንዳያጠፋው። ፒ0299 ካለ የአየር ግፊቱ አንሷል፣ ፒ0234 ካለ ከልክ አልፏል፣ ፒ0087 ካለ ደግሞ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄደው የናፍጣ ግፊት ወርዷል ማለት ነው። የመጨረሻው ከሆነ የናፍጣ ፊልትሮና ከታንከር የሚመጣው መስመር ይታይ፣ ተርቦው ምን በወጣው።

ቀጥሎ ደግሞ ምንም የማያስወጣህ ነገር አለ። ያቺን ሳጥን ንቀላት! ብዙዎቹ ሳጥኖች የሚሠሩት በውሸት ነው። የናፍጣው ግፊት ካለው ያነሰ ነው ብለው ለኮምፒዩተሩ ይነግሩታል፣ እሱም አምኖ ይጨምራል። ነቅለህ ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነት ውጣ። ጭሱ ከጠፋና ጉልበቷ ካልተቆረጠ ነገሩ ተገኘ። ካልተለወጠ ወደ ሌላው እለፍ፣ ግን አንድ በአንድ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የሚቀይር መካኒክ የቱ እንዳዳናት እሱም አያውቀውም።

ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው። አንድም ሳጥኗ አብዝታዋለች፣ አንድም አየሩ መንገድ ላይ ያመልጣል። እኔ እነዚያን ሰማያዊ ቱቦዎችህን በጣም እጠረጥራለሁ። አዲስ ቱቦ ከውስጥ ዘይት ሲነካው ፋሼታው ላይ ይንሸራተታል፣ ቆሞ ሲሠራ ደህና ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ይተነፍሳል። መጋጠሚያው ላይ የዘይት ወዝ ካየህ እዚያ ጋ አተኩር። ጎሚስታ ጎማ የሚመረምርበትን ዘዴ ታውቅ የለ? ያው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በኮምፕረሰር ከ1 ባር ሳይበልጥ አየር አስገብቶ ቱቦዎቹንና ኢንተርኩለሩን የሳሙና አረፋ መቀባት። የሚነፋው አረፋ ይነግርሃል። የአየር ፊልትሮውንም እግረ መንገድህን አራግፈህ እየው፣ የዚያ መንገድ አቧራ ቀልድ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ጓደኞችህ የረሱት አንድ ነገር አለ። ዱባይ ባሕር ዳር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከአዳማ እንኳ 600 ሜትር ያህል ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። እንግዲህ አስላው፦ ባሕር ዳር ላይ 1 ባር የነበረውን አየር 2 ባር ለማድረስ ተርቦው እጥፍ ይጭነዋል። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 2 ባር ለማግኘት የሚነሳው ከ0.76 ስለሆነ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መጫን አለበት። ይህን የሚያደርገው በጣም ፈጥኖ በመሽከርከር ነው፣ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል። ባሕር ዳር «ልክ» የተባለ አሞላል እዚህ ተርቦውን ከአቅሙ በላይ ማስሮጥ ይሆናል። ቱቦው ቀዳዳ ካለበት ደግሞ የፈሰሰውን ለመተካት ይብሱን ይሮጣል። ግፊቱን ወደ ፋብሪካው አስመልሰው፣ በዚህ ላይ አልከራከርህም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቁጥሩ አሁንም ተርቦው ላይ ቢያመለክትስ? ያኔም ቶሎ አትግዛ። የዚች መኪና ተርቦ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቅጠሎች አሉት፣ ጥላሸት ሲይዛቸው ይነክሳሉ። አስፈትቶ ማስጸዳት የሚበቃበት ጊዜ አለ። የመሐሉ ዘንግ ዳር ዳሩን እየነካ ከሆነ ግን በቃ፣ ሄዷል። አዲስ ከመግጠምህ በፊት ታዲያ ከሥር ያለው የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይከፈትልህ። በዚህ ሞተር ከኖዝሎቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያፈሱ ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ይገባና ወንፊቱን ይደፍነዋል። በተደፈነ ወንፊት ላይ አዲስ ተርቦ ብትገጥም ዘይት አጥቶ እሱም ይከተላል።

ስለ እህትህ ጠይቀሃል። ንገራት፣ በዚህ ሳምንት ንገራት፣ ግን ገንዘብ ላኪ እያልክ አይደለም። ስታለቅስ ደውለህ ተርቦ ሞተ ብትላት ከአሠሪዋ ተበድራ ትልካለች፣ እኛ የምናውቃቸው እህቶች እንደዚያ ናቸው። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ያዝ፣ ሳጥኗን ነቅለህ ምን እንደሆነ እይ፣ ከዚያ ደውል። መኪናዋን ማን እንደነካካት ከጎረቤት ከምትሰማ ካንተ ትስማው። ትቆጣለች፣ ቻለው። ሳጥኗን፣ ማርሚታውንና ቱቦዎቹን ሸጠህ ምርመራውን ክፈልበት፣ እነሱን የሚገዛ ጎረምሳ መቼም አይጠፋም።

ቁጥሩን እንዳገኘህ ጻፍልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የቤት አከራይዋ ልጅ አላስቀምጥ ስላላት ተማሪ እናወጋለን።