ከአራጣ ማነቆ መውጣት

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ሲራቆት፣ የቤት ኪራዩም ሲደርስበት፣ በወር ከመቶ 10 ወለድ ወደሚጠይቀው አራጣ አበዳሪ ደጅ መሄዱ እንደ ነውር ሊቈጠርበት አይገባም፤ ነውሩስ ኦሪት ከድኻ ወለድ መቀበልን እየከለከለች፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ እየደነገገ፣ በምንዱባን ችግር መበልጸግን ሥራዬ ብሎ በያዘው ላይ ነው። (ወለዱ አስቀድሞ ከዋናው ጋር ተደምሮ በውሉ ስለሚጻፍ፣ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ወረቀት ንጹሕ ይመስላል።) 5,000 ብር የተበደረ ሰው በየወሩ 500 ብር ወለድ ብቻ እየከፈለ ዐሥር ወር ቢዘልቅ፣ የተበደረውን ያህል አውጥቶ ሳለ ዋናው ዕዳ ሳይነካ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት መፍትሔው ወለዱን የሚከፍሉበት ሌላ አበዳሪ መፈለግ ሳይሆን፣ ይሉኝታን ወደ ጎን ትቶ፣ ለዕቁብ ዳኛው ችግርን ገልጦ፣ ወለድ የሌለበትን ዕጣ አስቀድሞ እንዲሰጥ መለመን፣ ዕቁብ የሌለውም ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር በመጠነኛ ወለድ ተበድሮ ዋናውን በአንድ ጊዜ መክፈል ነው። ያን ጊዜም የፈረመበትን ወረቀትና በመያዣነት የሰጠውን ቼክ በምስክር ፊት ሳይረከብ ገንዘቡን አይልቀቅ።