ጨረር ያረፈበትን ጎን ማን መዝግቦ ያዘው?

የጡት ካንሰር ይዟት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምናዋን የጨረሰች እናት ወደ አዊ፣ እንጅባራ ስትሳፈር በእጇ ምን ይዛለች? የቀጠሮ ካርድ? የመድኃኒት ማዘዣ? ጨረሩ በየትኛው ጎን፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን እንደተሰጣት የሚናገር ወረቀትስ?

ካንሰሩን የሚገድለው ጨረር በአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሕዋስም ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ አልፎ አልፎ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር ሆኖ ይመጣል፤ በሳንባ፣ በምግብ ቧንቧ፣ በወጣትነቷ ለታከመች ደግሞ በሌላኛው ጡት። ከደም ሥር የሚነሳው አንጂዮሳርኮማ እጅግ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ጨረሩ ባረፈበት ቆዳ ላይ የበለዘ መስሎ ይወጣል። ዳንግላ ጤና ጣቢያ ይዛው ብትቀርብ ባለሙያው ምን ይጠረጥራል? ቅባት ሰጥቶ ቢሸኛት፣ ቤተሰቡም ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ቢያሽላት፣ የነገራቸው ማን አለና ይወቀሳሉ?

ጨረሩ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ፈርታ የምትቀር ሴት ታሳስበኛለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት ላይ የወጣ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ትንተና እንዳሳየው፣ ጡት ሳይነሳ ዕጢው ብቻ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ጨረር በሽታው በ10 ዓመት ውስጥ የመመለስ ዕድሉን ከ35 በመቶ ወደ 19 በመቶ ግድም ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ በዘመናዊ ጨረር ሳቢያ የሚመጣውን የሳንባ ካንሰር አደጋ ለማያጨሱ 0.3 በመቶ፣ ማጨስ ለማይተዉ 4 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቶታል። የአዊ እናቶች አብዛኞቹ ሲጋራ አያጨሱም። ታዲያ ይህን የሚያጽናና ቁጥር በአዊኛ የሚያስረዳቸው ማን ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ቀደም ብለው የታከሙት ናቸው። አገሪቱ ለረጅም ዓመታት የተማመነችው በጥቁር አንበሳ የኮባልት ማሽን ላይ ነበር፤ የኮባልት ጨረር ደግሞ ጠርዙ ሊኒየር አክስለሬተር እንደሚባለው ዘመናዊ የጨረር ማሽን የጠራ አይደለም። ያን ጊዜ ታክመው ዕድሜ ያገኙት ሴቶች መጠንቀቅ ያለባቸው ዓመታት ላይ የደረሱት አሁን ነው። የት እንዳሉ የሚያውቅ ቢሮ አለ? ፋይላቸውን ከመደርደሪያ አውጥቶ ስልክ የደወለላቸውስ? አዲስ ማሽን ሲመረቅ ባለሥልጣናቱ ሁሉ ይገኛሉ፤ የታከመችውን ሴት 10 ዓመት የሚከታተል አንድ ነርስ ለመመደብ የተጠራ ስብሰባ ግን የትኛው ነው?

የታከመውን ጎን፣ መጠኑንና ቀኑን፣ ከዚያም «ቆዳሽ ከበለዘ፣ ሳል ከበረታብሽ፣ መዋጥ ከከበደሽ ሳትቆዪ ነዪ» የሚል ቃል የያዘ አንድ ገጽ፣ ቅጂውም ለእንጅባራ ሆስፒታል ቢላክ፣ ከወረቀትና ከቀለም ሌላ ምን ወጪ አለው?