ባቡሩን ያስነሱት ጡረተኞች

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቀይ ባሕር የሚጻፈውም የሚነገረውም ወደብ ወደብ ይላል። ይህ ጸሐፊ ግን ዛሬ ከዚያው ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ወደ ደጋ ስለሚወጣ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ሊያወራ ነው። ነገሩ ከእኛ ጉዳይ የራቀ ለሚመስለው አንባቢ ትንሽ ትዕግሥት እንለምናለን፤ መድረሻችን ድሬዳዋ ነው።

ከምጽዋ አስመራ ያለው ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ነው። ጣልያኖች ሥራውን በ1887 ጀምረው አስመራ የደረሱት በ1911 ነበር (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃያ አራት ዓመት ለምን ፈጀ ለሚል፣ መልሱ አቀበቱ ነው። መስመሩ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ባስ ባለበት ቦታ በየ100 ሜትሩ 3.5 ሜትር ከፍ ይላል። ለመኪና ይህ ምንም አይደለም፤ ብረት በብረት ላይ ለሚንከባለል ባቡር ግን ትልቅ ፈተና ነው።

ለዚህ አቀበት ከተሠሩት መካከል በ1938 ከጄኖቫው አንሳልዶ ፋብሪካ የወጡት፣ 442 የሚል መለያ ያላቸው ባቡሮች ይገኙበታል። አሠራራቸው የስዊሱ መሐንዲስ የአናቶል ማሌ ነው። እንፋሎቱ ከቦይለር ወጥቶ መጀመሪያ የኋለኞቹን ጎማዎች ይገፋል፤ ጉልበቱ ሳያልቅ ወደ ፊት ተሻግሮ፣ ሰፋ ባሉ ሲሊንደሮች ውስጥ የፊተኞቹን ይገፋል። የፊተኛው እግር ከኋለኛው ተለይቶ ስለሚታጠፍ በጠባቡ ኩርባ ላይ እንደ እባብ ይሄዳል። በዘመኑ አገራችንን ወርሮ ለነበረው ኃይል ያገለገለው ይኸው ብረት፣ ከ1941 በኋላ ለእንግሊዞች፣ ከ1952 በኋላ ደግሞ በፌዴሬሽኑና ከዚያም በተከተለው አስተዳደር ዘመን ሲሠራ ኖረ። ዲዝል ባቡሮች ከመጡም በኋላ እንፋሎቱ አልተጣለም። ያስቆመው ጦርነቱ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ መስመሩ ተዘጋ፤ ሐዲዱና ከሥሩ የተነጠፈው ብረት እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያና ማገር ሆነ። በዚህ ነቀላ ውስጥ የእኛ ሠራዊት እጅም ነበረበት፤ መደበቅ አያስፈልግም።

ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ፣ የአስመራ መንግሥት መስመሩን በራሱ አቅም ለመጠገን ወሰነ። ያ መንግሥት በሌላ በሌላው የሚወቀስበት ብዙ ነገር አለ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ብልህ ነገር አደረገ። ጡረተኞቹን ጠራ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባቡር ነጂዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችና የቦይለር ሠራተኞች ተመልሰው ገቡ። ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው አነጠፉ፤ የጎደለውን የሞተር ክፍል በአሮጌው ወርክሾፕ በእጃቸው ሠሩ፤ ወጣቶችንም እያሳዩ አስተማሩ። በ2003 መስመሩ እንደገና አስመራ ደረሰ፤ የ1938ቱ ባቡሮችም ጎብኚ ጭነው ዳገቱን ወጡ። ጥሪው ዐሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ብረቱ ይገኝ ነበር፤ ቦይለር ሲፈነዳና ሳይፈነዳ በድምፁ የሚለይ ሰው ግን ከየት ይመጣል?

ሕግ የተማረ ሰው ሁሉም ነገር አንቀጽ ሆኖ ይታየዋል ይባላል። እውነት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጃችን ቁጥር 209/1992፣ የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነውን ነገር ቅርስ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ አሮጌ ባቡር በሕጉ ሊታቀፍ ይችላል። ግዙፍነት የሌለው ቅርስ ሲል ግን በዝርዝር የሚጠራው ትርኢትን፣ ተረትን፣ የሠርግና የለቅሶ ሥርዓትን፣ ሙዚቃን፣ ድራማን፣ ሥነ ጽሑፍን ነው። «ተመሳሳይ» የምትል ቃል ስላለች የቦይለር ጠጋኝን ሙያ በእሷ ማስገባት ይቻላል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ሆኖም አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት በጀት የሚይዘው በግልጽ ለተጻፈለት ነገር ነው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ። ሐዲዱ ከተማዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእንፋሎት ከጅቡቲ የተጀመረው ይህ 784 ኪሎ ሜትር መስመር በ1950ዎቹ ወደ ዲዝል ዞሯል። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር የሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ሲሆን የድሮው አንድ ሜትር ነው፤ አሮጌው ባቡር በአዲሱ ላይ ልሂድ ቢል አይችልም። ስለዚህ የድሬዳዋው ወርክሾፕና በውስጡ ያለው ማሽን ወይ በራሱ ሐዲድ ላይ ይኖራል፣ ወይም በኪሎ የሚሸጥ ብረት ይሆናል። ስለ ለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ብዙ ተብሏል፤ ሕንፃ ፎቶግራፍ ላይ ያምራልና። በፈረንሳይኛ እየታዘዙ ሙያውን ስለተማሩት የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ግን የሚከራከር አላጋጠመንም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በመመሪያ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ፦ በሕይወት ያሉትን የባቡር ሙያተኞች በስም መመዝገብ፣ በቀን አበል ወርክሾፑ ድረስ መጥራት፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሁለት ሦስት ተማሪ ከእያንዳንዳቸው ጎን ማቆም። ምዝገባው በዚህ ዓመት ቢጀመር፣ የመጀመሪያው ስም ሊወሰድ የሚገባው በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጡት አባት ነው።