የሰማዩ መስመር መቁረጫው በማን እጅ ነው?

ከአንድ ብረት ማረሻም ጦርም ይወጣል። ልዩነቱ ከብረቱ ሳይሆን ከሚያሠራውና ከሚይዘው ሰው ነው። ይህ ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። በሰማይ ላይ የተዘረጋው የሳተላይት ኢንተርኔት መረብም በዚሁ ዓይን ሊታይ የሚገባው መሣሪያ ነው። መረቡ ስልክ በማይሠራበት እርሻ ላይ የተሰማራን ትራክተር ከጥገና ባለሙያ ጋር ያገናኛል። ያው መረብ በጦር ሜዳ አዛዡን ከምሽጉ ጋር ያገናኛል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች አሠራሩን፣ ጥቅሙንና አደጋውን ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀደም ሲል አብዛኛዎቹ የመገናኛ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ በመሆናቸው መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስድ ነበር። ስፔስ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች ያመጠቀው ግን በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለማሰማራት ነበር። ከቅርብ ስለሚሠሩ መልእክቱ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ እያንዳንዷ ሳተላይት ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለምትዞር ከአንድ መንደር አናት ላይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዷ ስታልፍ ሌላዋ እንድትተካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ፤ ኩባንያውም ከ7,000 በላይ አሰማርቷል። ከተጠቃሚው በኩል የሚፈለገው መቀበያ ሰሐን፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ለእርሻ ሥራ ያለው ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው። የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ጆን ዲር በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከስፔስ ኤክስ ጋር የተስማማው በአሜሪካና በብራዚል የስልክ መስመር በማይደርስባቸው እርሻዎች ያሉ መሣሪያዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ነው። በአህጉራችንም ናይጄሪያ በጥር፣ ኬንያ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀምረዋል። ምሰሶና ሽቦ ለመትከል በሚያስቸግር ተራራማ ወይም ቆላማ አካባቢ ለሚኖር ገበሬ የገበያ ዋጋንና የአየር ጠባይ ትንበያን በጊዜው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የጦርነቱ ገጽታ ደግሞ በዩክሬን ታይቷል። የሩሲያ ጦር የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ወረራውን በጀመረበት ዕለት ቪያሳት በተባለው ኩባንያ የሳተላይት መረብ ላይ ጥቃት ተፈጽሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ምዕራባውያን መንግሥታት ለጥቃቱ ሩሲያን ተጠያቂ አድርገዋል። ጉዳቱ ድንበር አልገደበውም፤ ከውጊያው በማይገናኙት በጀርመን 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላይ ከሩቅ ይደረግ የነበረው ቁጥጥር ተቋረጠ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የዩክሬን ሚኒስትር የስፔስ ኤክስን ባለቤት ኢሎን መስክን በይፋ ጠየቁ፤ አገልግሎቱም በሰዓታት ውስጥ ተከፈተ። ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተጠቀሙበት። ጦሩም መድፍ ለማነጣጠርና ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ለማሠራት አዋለው። ኩባንያው ስታርሺልድ በሚል ስም ለመንግሥታትና ለጦር ኃይል የሚሆን አገልግሎት ማቅረቡን በ2015 ዓ.ም. አስታውቋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የክፍያ ጉዳይ ነው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የኩባንያው ባለቤት ወጪውን ላልተወሰነ ጊዜ መሸከም እንደማይቻል ተናገሩ፤ ወዲያው ቢለሳለሱም በግንቦት ወር የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከፋይ ሆኖ ውል መግባቱ ተገለጸ። ሁለተኛውና የከበደው የመቁረጫው ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ራሳቸው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንዳስታወቁት፣ መስመሩ በክራይሚያ እስከ ሴቫስቶፖል ድረስ እንዲከፈት ቀርቦላቸው የነበረውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ ምክንያታቸውም ኩባንያው በከባድ የጦርነት ድርጊት ተባባሪ እንዳይሆን ነው። ምክንያቱ ትክክል ይሁን አይሁን፣ የአንድን አገር ጦር እንቅስቃሴ የሚነካ ውሳኔ በአንድ ነጋዴ እጅ መግባቱ ግን ግልጽ ሆነ። ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኩባንያው የውስጥ ሶፍትዌር ብልሽት አገልግሎቱ በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቋረጠ፤ በዩክሬን ግንባር የነበረውም መገናኛ አብሮ ጠፋ።

መንግሥታት ከዚህ ትምህርት ወስደዋል። የአውሮፓ ኅብረት በታህሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. የራሱን 290 ያህል ሳተላይቶች ለማሰማራት ውል የፈረመው በሌላው መስመር ብቻ ላለመንጠልጠል ነው። በእኛም አገር ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የታቀደችው ለእርሻ፣ ለውሃና ለአካባቢ ጥበቃ የሚያገለግል ፎቶግራፍ ለማንሳት እንጂ ኢንተርኔት ለማዳረስ እንዳልነበር መሪዎች ለአባላት ሊያስረዱ ይገባል። ሳተላይት ሁሉ አንድ ሥራ አይሠራም።

እንግዲህ መፍትሔው መሣሪያውን መፍራት ወይም መግፋት አይደለም። ማረሻ ከጦር ጋር በብረት ስለሚዛመድ እርሻ የተወ ገበሬ የለም። ይልቅ ማንኛውም ማኅበር እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲቀርብለት የአባላቱን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጥያቄዎች ማንሳት አለበት። አቅራቢው በአገሪቱ ሕግ ፈቃድ አለው ወይ? ከመቀበያው ዋጋ ሌላ የየወሩ ክፍያ ስንት ነው? ክፍያው ቢጨምር ማን ይሸከመዋል? መብራት በሌለበት ኃይሉ ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ጠጋኙ ማን ነው? የአባላት ስም፣ የመሬት ስፋትና የምርት መጠን በመስመሩ ሲተላለፍ የሚያስቀምጠው ማን ነው? በነጻ ነው ለተባለም የነጻው ዘመን መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕደላ መዝገብ በኮምፒዩተር ቢያዝም በወረቀት የተጻፈው ግልባጭ ከማኅበሩ ሣጥን መጥፋት የለበትም። የስልክ መስመር ባለበት እርሱም ሊጠበቅ ይገባል። የዘር ወቅት ሁለት ሰዓት ተኩል ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ሁለት ወር ግን አይጠብቅም። መስመሩ ከሰማይ ቢመጣም ተጠያቂነቱ በምድር ነው፤ መስመሩ ሲቆረጥ አባላት የሚጠይቁት ሩቅ ያለውን ኩባንያ ሳይሆን ውሉን የፈረመውን መሪ ነው።